የጠገራው ዋጋ የት ተጽፏል?

ደሴ ያለችው አክስቴ አንድ ማለዳ ደወለችልኝ። ሰላምታውን በወጉ ሳንጨርስ ወደ ጉዳይዋ ገባች። «የአባባ የድሮ ብሮች ትዝ ይሉሃል? ሊገዛኝ የመጣ ደላላ አለ። በፍሬ እየቆጠርኩ እከፍላለሁ ይላል። ልስጠው ወይስ ይቆይ?» ሰውየው የሰጣትንም ዋጋ ነገረችኝ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ይህን በምታነቡበት ቀን ምንም አይነግራችሁም። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

አመሻሹ ላይ ደግሞ ቨርጂኒያ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ በቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ አንድ ስክሪንሹት ለጠፈ። ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የወጣ የምኒልክ ብር ነው። ከፎቶው ስር የተጻፈው ዋጋ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ ግሩፑ አላረፈም። አንዱ በምንዛሪ ያባዛል፣ ሌላው ደላላውን ይራገማል፣ ሦስተኛው ብሮቹን በመንገደኛ አሜሪካ እንላካቸው ይላል። አክስቴ ሁሉንም አዳመጠችና በድምፅ አንድ ጥያቄ ብቻ ላከች። «ታዲያ ትክክለኛው ስንት ነው?»

ማንም አልመለሰላትም። እኔም አልመለስኩም። ጥያቄዋ ግን ሌሊቱን አብሮኝ አደረ፤ ከዚያም በኋላ አልለቀቀኝም። በደላላውና በስክሪንሹቱ መካከል የሰማይና የምድር ያህል ርቀት ነበር። ሁለቱም ግን በሙሉ ልብ የተነገሩ ቁጥሮች ናቸው። አያቴ ባቲ ገበያ እየተመላለሰ የነገደ ሰው ነበር። ብሮቹ የዚያ ዘመን ላቡ ናቸው። በግምት እንዲሄዱ አልፈለግኩም።

ብሮቹ ባሉበት ከረጢት ውስጥ የሚበዛው ጠገራ ነው፤ የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ ማርትሬዛ የሚባለው። ጥቂት የምኒልክ ብሮችና አንዲት የምኒልክ ሩብ አሉ። የቀረው በ1936 ዓ.ም. የወጣው የጃንሆይ ሳንቲም ነው፤ ነጩ ሃምሳና የመዳቡ ሃያ አምስት። ከጠገራዎቹ አንዳንዶቹ ለአንገት ጌጥ ተበስተዋል።

መጽሐፉ የሚለውና የማይለው

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ካታሎግ ነው። ሳንቲም ሰብሳቢዎች ለብዙ ዓመታት የኖሩበት አንድ ወፍራም መጽሐፍ አለ። በአጭሩ ክራውስ ይሉታል። ቼስተር ክራውስና ክሊፎርድ ሚሽለር እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ማሳተም የጀመሩት ነው። የየአገሩን ሳንቲም ዘርዝረው ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጡት። ኬኤም የሚባለው ቁጥር ከሁለቱ ስም የመጣ ነው። ዛሬ የትም አገር ያለ ነጋዴ ስለ አንድ የኢትዮጵያ ሳንቲም ሲያወራ በዚያ ቁጥር ይጠራዋል።

ካታሎጉ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «የትኛው ነው?» ብሎ ነው። እዚህ ላይ እኛ ከፈረንጁ እንሻላለን። የምኒልክ ብር ላይ ያለው ዓመት በግዕዝ ቁጥር ነው። ፲፰፻፹፯ የሚለውን እኛ 1887 ብለን እናነባለን፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑንም እናውቃለን። በእነሱ 1894 እና 1895 ላይ ይወድቃል። ብዙ የውጭ ሻጮች ግን ይህን ያምታቱታል። የ1936ቱን ሳንቲም «ከጣሊያን ወረራ ዓመት» ብለው የሚሸጡ አይቻለሁ። እሱ የወጣው ጃንሆይ ከስደት ከተመለሱ በኋላ፣ በእነሱ 1944 አካባቢ ነው። በተሳሳተ ዓመት የፈለገ ሰው የሌላ ሳንቲም ዋጋ ይዞ ይመለሳል።

ዓመቱ ብቻ አይበቃም። የምኒልክ ብር ላይ አንበሳው የትኛውን የፊት እግሩን እንዳነሳ ማየት ያስፈልጋል። ግራውን ያነሳውና ቀኙን ያነሳው በካታሎግ ለየብቻ ቁጥር አላቸው። አክስቴን በቪዲዮ ደውዬ እያንዳንዱን ብር መስኮት ላይ እንድታሳየኝ ጠየቅኳት። አንበሳውን አይታ የማታውቀው ያህል ነበር የምታየው። «አሃ፣ ይሄኛው ደግሞ በዚህ ነው የሚራመድ» ትላለች። ዕድሜዋን ሙሉ አብረዋት የኖሩ ብሮች ናቸው።

ጠገራው ከዚህም ይብሳል። ሁሉም 1780 ይላሉ። እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ያረፉት በዚያው ዓመት ነው። ሆኖም ምስራቅ አፍሪካና የዓረብ አገር ነጋዴ ሌላ ብር አልቀበልም ስላለ፣ ዓመቱ ሳይቀየር ሲመታ ኖረ። ቪየና መትታዋለች። ሚላን፣ ቬኒስና ፕራግም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ ማተሚያውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ። ወታደሩና ሹሙ እኛ ዘንድ የሚከፍለው ገንዘብ ስለፈለገ ነው። ከዚያ ለንደን ተከተለች፣ ፓሪስና ብራስልስ ገቡበት፣ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ቦምቤይ። የየከተማው ሥራ የሚለየው በጥቃቅን ምልክት ነው፤ በደረቷ ጌጥ ላይ ባሉት ፍሬዎች፣ በንስሩ ክንፍና ጅራት፣ በጠርዙ ጌጥ። የድሮ ሰዎቻችን ፍሬዎቹን ቆጥረው ነበር የሚቀበሉት። አሁን ሰብሳቢው በዚያው ዓይን ያያል። ስለዚህ «የ1780 ጠገራ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ገና አልጠየቀም።

ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላ መጽሐፉ ዋጋውን በደረጃ ከፋፍሎ ያስቀምጣል። ከአንዱ ጫፍ ፊቱ የጠፋ ሳንቲም አለ፤ ከሌላው ጫፍ ከማተሚያ ወጥቶ እጅ ያልነካው። በሁለቱ ጫፍ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም። ለአንዳንድ የምኒልክ ብሮች እጥፍ በእጥፍ እየሆነ ይሄዳል። ስልክ ላይ ስክሪንሹት የሚልኩ ሰዎች ሁልጊዜ የሚልኩት የመጨረሻውን ዓምድ ነው። እጃችን ላይ ያለው ግን ዘወትር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። አያቴ ብሮቹን የያዛቸው ሊገበያይባቸው እንጂ ሊያስቀምጣቸው አልነበረም።

መጽሐፉ የማይነግራችሁ ነገርም አለ። ዋጋው ነጋዴ ለሰብሳቢ ሲሸጥ የሚጠይቀው ነው፤ ነጋዴው ከእናንተ ሲገዛ የሚከፍለው አይደለም። አሜሪካኖች ይህን ስለሚያውቁ ለራሳቸው ሳንቲም ሁለት መመሪያ አላቸው። አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የሚታተመው ቀዩ መጽሐፍ ነው፤ ገዢ ሱቅ ሲገባ የሚጠብቀውን ዋጋ ያሳያል። ሌላው ከ1963 ጀምሮ የሚወጣው ግሬይሺት ነው፤ ነጋዴና ነጋዴ እርስ በርስ የሚገበያዩበት። ለአንድ ሳንቲም ሁለት ዋጋ፣ ሁለቱም እውነት። ለእኛ ሳንቲም እንዲህ ያለ ጥንድ የለም። ስለዚህ አንዱን ቁጥር ይዘን ለሻጩም ለገዢውም እናውለዋለን። ጠቡ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ደግሞም መጽሐፉ ያረጃል። ባለቤቱ የነበረው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ከስሯል። በየዓመቱ እየታደሰ መውጣቱም ቀርቷል። ኢንተርኔት ላይ የሚዘዋወሩት ቅጂዎች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የነበሩ ናቸው። ለመለየት ዛሬም ከእሱ የሚሻል አላገኘሁም። ለዋጋ ግን የቆየ ፎቶ ነው።

የተሸጡትን ብቻ

ወደ ስክሪንሹቱ ልመለስ። የአጎቴ ልጅ የላከውን ሻጭ ፈልጌ አገኘሁት። ብሩ እዚያው ተቀምጧል። ዋጋው አልተነካም። ከዚያ በገጹ ጎን ካሉት ማጣሪያዎች አንዱን ነካሁ፤ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን። ኢቤይ የሦስት ወር ገደማ ሽያጭ ያስቀምጣል።

ገጹ ሲከፈት የነበረው ሁሉ ተቀየረ። በሺዎች የሚቆጠሩት ዋጋዎች ጠፉ። የተሸጡት ብሮች ዋጋ በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ከደላላው ቁጥር ግን በግልጽ ይበልጥ ነበር። ይህን ሳይ ወንበሬ ላይ ተደግፌ ብዙ ቆየሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁለት ወገን ያለ መስሎኝ ነበር፤ አንዱ ዋሽቶናል፣ አንዱ እውነቱን ነግሮናል ብዬ። አሁን ያየሁት ግን ሁለቱም ዋጋ እንዳልነገሩን ነው። ደላላው የነገራት የራሱን ምኞት ነው፤ ሊገዛበት የሚፈልገውን። ስክሪንሹቱ ላይ ያለውም የሻጩ ምኞት ነው፤ ሊሸጥበት የሚፈልገው። ዋጋ የሚባለው ነገር ገንዘብ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚወለድ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ፣ አባቶቻችን እንዳሉት፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

ከዚያ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ዓመታቸው አንድ የሆኑ፣ እግሩ አንድ ዓይነት የተነሳ አንበሳ ያለባቸው ብሮች ሰፊ ልዩነት ባለው ዋጋ ተሸጠዋል። መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ገባኝ። ውድ በሆነው ላይ የአንበሳው ጋማ ጸጉር በጸጉር ይታያል። የምኒልክ ዘውድ ላይ ያለው ጌጥ አልተደመሰሰም። በርካሹ ላይ ጋማው ለስልሶ አንድ እብጠት ሆኗል። ከፍ ያለው የሳንቲሙ ክፍል ነው መጀመሪያ የሚበላው። አንዱ ብር ላይ ደግሞ ፊቱ ደህና ሆኖ ዋጋው ወድቋል። ጠርዙን ሳየው ተበይዶለት የነበረው ማንጠልጠያ ተነቅሎ ጠባሳው ቀርቷል።

ያን ማታ የገባኝ ይህ ነው። ማንም ሰው ስለ «ምኒልክ ብር» ዋጋ ሊነግረኝ አይችልም። ስለዚህኛው ብር ብቻ ነው የሚቻለው። የሚታመን መመሪያ ማለት ፎቶ፣ ቀንና የተከፈለ ገንዘብ አንድ ላይ የሚያሳየኝ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እንደ ወሬ ነው የምወስደው።

የተሸጠ ዋጋም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኢቤይ ላይ ዋጋው ተሰርዞ ከታየ ገዢው ተደራድሮ ባነሰ ወስዶታል ማለት ነው፤ ትክክለኛውን አያሳይም። አንድ ነጠላ ሽያጭ ደግሞ ምንም አያስረዳም። ሁለት ሰዎች ተፎካክረው ሊያንሩት ይችላሉ፤ ገዢው ሳይከፍል ሊጠፋም ይችላል። ተመሳሳይ ሽያጮች ተደጋግመው አንድ አካባቢ ሲሰባሰቡ ነው ልቤ የሚያርፈው።

ከኢቤይ ይበልጥ የማምነው የታላላቅ ጨረታ ቤቶችን መዝገብ ነው። ዳላስ ያለው ሄሪቴጅ የቆዩ ሽያጮቹን ከትልልቅ ፎቶ ጋር አስቀምጧል፤ በነጻ ተመዝግቦ ማየት ይቻላል። ኤሲሰርች የሚባለው ደግሞ የብዙ ጨረታ ቤቶችን ሽያጭ በአንድ ቦታ ይሰበስባል። የምኒልክ ወርቅና እጅ ያልነካቸው ብሮች የሚታዩት እዚያ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጨረታ ላይ ገዢው ከመዶሻው ዋጋ፣ ማለትም ጨረታው ከተዘጋበት፣ በላይ ለቤቱ ተጨማሪ ይከፍላል፤ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ አካባቢ። አንዳንድ መዝገብ ይህን ጨምሮ ነው የሚጽፈው። ሻጩም ኮሚሽን ይቆረጥበታል። ገዢ 120 ሲከፍል የባለቤቱ እጅ የሚገባው ከ100 በታች ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ላይ ያየነውን ሙሉውን የእኛ አድርገን ማሰብ የለብንም።

ኑሚስታ የሚባለውን ድረ ገጽም እወደዋለሁ። ሰብሳቢዎች ራሳቸው በጋራ የሚሞሉት ነው። የምኒልክ ሳንቲም ይሁን የጃንሆይ፣ ፎቶውን፣ ክብደቱንና ስፋቱን ታገኛላችሁ። ለመለየት ግሩም ነው። እዚያ ያለውን የዋጋ ግምት ግን መነሻ አድርጌ ብቻ ነው የማየው። ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉት የአሜሪካ ደረጃ ሰጪዎችም የዋጋ ሰንጠረዥ አላቸው። ሳንቲሙን ከ1 እስከ 70 ነጥብ ሰጥተው በፕላስቲክ ያሽጉታል። ሰንጠረዣቸው ላይ ያለው ዋጋ በአብዛኛው እንዲያ ታሽጎ ለተመሰከረለት ነው። ከከረጢት የወጣን ብር በዚያ መለካት አያስኬድም። አሳሽጌ ልሽጥ የሚል ካለ ደግሞ ለተራ ጠገራ ወጪው ከራሱ ከጠገራው ሊበልጥ ይችላል።

ወለሉ

ከዚህ ሁሉ በታች ማንም የማይክደው አንድ ቁጥር አለ። ክብደት። ጠገራ 28 ግራም ከትንሽ ነው፤ በትክክል 28.07 ገደማ። ከመቶ 83.3 እጁ ንጹህ ብር ነው። ይህ 23.39 ግራም ይሆናል፤ በዓለም ገበያ አውንስ ሲሰላ 0.752። የምኒልክ ብር ደግሞ በክብደትም በጥራትም ከጠገራ ጋር እንዲመጣጠን ነው የተመታው፤ 28.075 ግራም፣ 83.5 በመቶ። ገበያተኛው ከጠገራ ጋር እንዲቀበለው ታስቦ ነበር።

ሂሳቡን ማንም በስልኩ ይሠራዋል። የዕለቱን የአውንስ ዋጋ በ0.752 ማባዛት ነው። አውንሱ 25 ዶላር ሲሆን በጠገራው ውስጥ ያለው ማዕድን ወደ 19 ዶላር ይጠጋል። 50 ሲሆን ወደ 38። ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። የብር ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2025 ጥቅምት ላይ ከ50 ዶላር ተሻግሯል። ከዚያ በፊት የታተመ ካታሎግ ለተለመደ ጠገራ የጻፈው ዋጋ ከማዕድኑ በታች ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዚያ መጽሐፍ ተማምኖ የሸጠ ሰው ከአንጥረኛ ባነሰ ይሸጣል።

በእኛ ገንዘብ ሲሰላ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዚያ ሰሞን ፌስቡክ ላይ በብር የተጻፈ የሳንቲም ዋጋ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሞተ። የደላላውን ቁጥር ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። ቀኑና ምንዛሪው አብረውት ካልተጻፉ ቁጥሩን ይዛችሁ ብትወጡ ትጎዳላችሁ።

አክስቴን ደሴ ወዳለ አንድ አንጥረኛ ላክኋት። አትሽጪ፣ አስመዝኚ ብቻ አልኳት። የምታውቀው ሰው ነው፤ መዘነላት። አንዱ ጠገራ ከሌሎቹ በግልጽ ቀሎ ተገኘ። ጠርዙ ላይ ሊኖር የሚገባው የላቲን ጽሑፍም የለበትም። ዋናው ጠገራ ጠርዙ ላይ «ዩስቲሺያ ኤት ክሌመንሺያ» የሚል አለው፤ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው። ያኛው ልሙጥ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ አያቴ ግን ምናልባት አውቆ ይዞት ይሆናል። በገበያ ሀሰተኛ ብር ያኔም ነበር። ዛሬ ደግሞ ቱሪስት በሚበዛበት ሁሉ አዲስ የተሠሩ «የድሮ» ሳንቲሞች ይሸጣሉ። ሚዛንና ጠርዝ ከየትኛውም መመሪያ ቀድመው የሚታዩ ናቸው።

ሎሚና አመድ

አንድ ነገር ደርሼ አስቁሜያለሁ። አክስቴ ብሮቹ ጠቁረዋል ብላ በሎሚና በአመድ ልትፈትጋቸው ተዘጋጅታ ነበር። እንግዳ ሊያያቸው ስለሆነ እንደ ሙያ ቆጥራዋለች። ለመስቀልና ለጌጥ ትክክል ነው። ለሰብሳቢ ግን የሳንቲሙን ዋጋ ከሚገድሉት ነገሮች ይህ አንዱ ነው። ያ ጥቁረት ብሩ ከአየር ጋር ለዘመናት የኖረበት ቆዳ ነው። ሲፈተግ ጥቃቅን ጭረት ይቀራል፤ በማጉያ ይታያል፤ አይመለስም። ጨረታ ቤቶች «ተጠርጓል» ብለው ይጽፉበታል፤ ደረጃ ሰጪዎችም ነጥብ ይከለክሉታል።

የተበሱት ጠገራዎችም በሰብሳቢ ዓይን ዋጋቸው ወደ ማዕድኑ ይወርዳል። ይህን ለአክስቴ መንገር ከበደኝ። አንዷ የእናቷ የአንገት ጌጥ ነበረች። የዋጋ መመሪያ ቀዳዳን ጉድለት ይለዋል። እኔ ያችኛዋን ከሂሳቡ አውጥቻታለሁ። የቤተሰብ ናት፤ ለሽያጭ አትቀርብም።

የሃያ አምስት ሳንቲሙ ወሬ

ቲክቶክ ላይ «ይህ ሳንቲም ካለዎት ሚሊየነር ነዎት» የሚሉ ቪዲዮዎች አሉ። ብዙ ጊዜ የሚታየው የ1936ቱ የጃንሆይ ሳንቲም ነው። በጣም ያሳስበኛል፤ ሰዎች ተስፋ አድርገው ከገጠር ድረስ ይዘው ይመጣሉና። ያ ሳንቲም በሚሊዮኖች ተመትቷል። ዓመቱም ሳይቀየር 1936 እንደተባለ ለብዙ ጊዜ መመታቱ ቀጥሏል። ያረጀ መሆኑ ብቻውን ብርቅ አያደርገውም። ሃምሳው የብር ማዕድን ስላለበት ወለል አለው። የመዳቦቹ አብዛኞቹ ግን ተራ ናቸው።

ከመካከላቸው ማየት የሚገባው አንድ አለ። ሃያ አምስቱ መጀመሪያ ሲወጣ ሙሉ ክብ ነበር። ስፋቱ ከሃምሳው ጋር ይቀራረባል። ሰዎች በብር እየለበጡ እንደ ሃምሳ ማሳለፍ ጀመሩ። መንግሥት ሰበሰበው፤ በምትኩ ጠርዙ እንደ አበባ የሆነውን አወጣ። ብዙዎቻችን ቤት ያለው አበባማው ነው። ክቡ ከእሱ ይበልጥ ይፈለጋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ከረጢቱን በሌላ ዓይን ይፈትሻል። አክስቴ ጋ ያሉት ሁሉም አበባማ ናቸው፤ አረጋግጣለች።

እዚሁ ያለው ገበያ

እስካሁን ያነሳሁት ሁሉ የውጭ ገበያ ነው። ብሮቹ ያሉት ደሴ ነው። በመንገደኛ እንላካቸው የሚለውን ሐሳብ ገና ከጅምሩ ተቃውሜዋለሁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። አንድ አሮጌ ብር በዚያ ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለውን የሚወስነው የቅርስ መሥሪያ ቤቱ እንጂ የኢቤይ ገዢ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲም ያገኘ ሰው ካለማ ስለ ዋጋ ጨርሶ አያውራ፤ ወደ ሙዚየም ይሂድ።

ስለዚህ አክስቴ ልትሸጥ የምትችለው እዚሁ ለሚገዛ ነው። እዚህ ደግሞ የተሸጠበትን የሚጽፍ የለም። ቸርችል ጎዳና ያለው የስጦታ ዕቃ ሱቅ፣ መርካቶ ያለው ነጋዴ፣ በየከተማው የሚዞረው ደላላ፣ ሁሉም በጭንቅላቱ ይይዘዋል። ስልክ ብትደውሉላቸው «አምጣውና እንየው» ነው መልሱ። እነሱን አልወቅስም፤ ሳያዩ ዋጋ አለመስጠታቸው እንዲያውም ትክክል ነው። የሚያናድደኝ ሻጩ ብቻውን ባዶ እጁን መግባቱ ነው። ደላላው በሕይወቱ ብዙ ሽያጭ አይቷል። አክስቴ የመጀመሪያዋ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፤ ሥሩ ይህ ያልተመጣጠነ እውቀት ይመስለኛል።

ደላላው ተመልሶ ሲመጣ አክስቴ ወረቀት ይዛ ጠበቀችው። በወረቀቱ ላይ የየብሩ ዓመት፣ የአንበሳው እግር፣ ክብደቱና የዕለቱ የማዕድን ሂሳብ አለ። «በፍሬ አልሸጥም፤ የትኛውን በስንት እንደምትገዛ ለየብቻ ንገረኝ» አለችው። ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ለየ። ለምኒልክ ብሮቹ የሰጠው ዋጋ ከበፊቱ በብዙ ጨመረ። ለተበሱት ጠገራዎች ግን ከአንጥረኛው ያነሰ ነገራት። እነሱን፣ ከእናቷ ጌጥ በቀር፣ ለአንጥረኛው በግራም ሸጠች። የምኒልኮቹን አልሰጠችም። ተጣልተው አልተለያዩም፤ ቡና ጠጥቶ ነው የሄደው።

እኔ ደግሞ አንድ ሰንጠረዥ ከፍቻለሁ። የሳንቲሙ ዓይነትና ዓመት፣ ግራሙ፣ የሁለቱም ገጽና የጠርዙ ፎቶ፣ የተሸጠበት ከተማና ቀን፣ በዚያ ቀን የነበረው ምንዛሪ፣ በመጨረሻም እጅ በእጅ የተከፈለው ገንዘብ ይመዘገብበታል። የሻጭና የገዢ ስም አይገባበትም። የአክስቴ የተበሱ ጠገራዎች ገብተዋል። አዲስ አበባ የምትኖር አንዲት ጓደኛዬ የሸጠችው የ1936 ሃምሳ ሳንቲምም ተከትሏል። ለምኒልኳ ሩብ የዋጋውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። በእሷ ደረጃ ያለች ሌላ ሩብ እዚህ አገር መሸጧን የሚያሳይ ነገር እስካሁን አላገኘሁም። ያያችሁ ካላችሁ ፎቶውን፣ ቀኑንና የተከፈለውን ላኩልኝ።